የስንብት መኪኖች በሂውስተን

ሂውስተን ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ ኢትዮጵያዊ የሚወሰድባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። መጀመሪያ የጠፈር ማዕከሉ፣ ቀጥሎ ጋለሪያ የሚባለው ትልቅ የገበያ ማዕከል፣ ከዚያ የጋልቨስተን የባሕር ዳርቻ፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ የአበሻ ምግብ ቤት። እኔም ያጠራቀምኩትን የዓመት ፈቃድ ይዤ አጎቴ ዘንድ ስሄድ የጠበቅሁት ይህንኑ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን አጎቴ ቁርስ ላይ የቡና ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ዛሬ የማሳይሽ መኪኖች አሉ» አሉኝ። የት እንደሆነ ስጠይቃቸው ትንሽ አመነቱና፣ «የቀብር ሙዚየም» አሉ።

እርስዎም አሁን ፊትዎን ቋጠር አድርገው ከሆነ አይፈረድብዎትም። እኔም ቋጥሬ ነበር። እኛ አገር አስከሬን የያዘ መኪና ሲያልፍ ቆም ይባላል፣ ባርኔጣ ይወለቃል፣ ይማተባል፤ መኪናው ምን ዓይነት እንደሆነ ብሎ የሚመለከት ሰው የለም። ለሽርሽር ከመጣሁበት አገር ገንዘብ ከፍዬ የሬሳ መኪና ላይ? ነገር ግን እሺ ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ፤ እሱን ካልነገርኩዎት የቀረው ታሪክ አይገባዎትም።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ባትላሜራ ነበር። የተጨራመተ መኪና ገብቶ፣ በመዶሻና በእጅ ስሜት ብቻ ላሜራው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሲመለስ እያየሁ ነው ያደግሁት። አጎቴ ደግሞ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ሙያውን የተማሩት ከእሱ ነው፤ ወንድምጋሼ ብለው ነው የሚጠሩት። አሜሪካ ሄደው ብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ እንጂ ልባቸው ከጋራዡ አልወጣም። ካቻምና አባቴ ሲያርፍ አጎቴ የልብ ቀዶ ጥገና ካደረጉ ገና ሁለተኛ ሳምንታቸው ነበር፤ ሐኪሞቹ አውሮፕላን አይታሰብም አሏቸው። ቀብሩን በስልክ ቪዲዮ እንዲከታተሉ አደረግን። አስከሬኑ ከግቢው ሲወጣ ኔትወርኩ ተቋረጠ። መስመሩ ተመልሶ ሲገኝ ፍትሐቱ አልቆ አፈር እየተመለሰ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ አጎቴ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። እኔም አላነሣሁም።

ሦስት ሆነን ሄድን፤ አጎቴ፣ እኔና ዘጠኝ ዓመት የሞላት የልጅ ልጃቸው።

ከበሩ ጀምሮ

ሙዚየሙ ከመሀል ከተማው በስተሰሜን፣ ወደ ጆርጅ ቡሽ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው አቅጣጫ ይገኛል። ሙሉ ስሙ ብሔራዊ የቀብር ታሪክ ሙዚየም ነው። በ1992 የተከፈተ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መሥራቹ ሮበርት ዋልትሪፕ በቀብር አስፈጻሚነት ሥራ የከበሩ የሂውስተን ሰው ነበሩ። ከውጭ ሲያዩት ሰፊ መጋዘን ይመስላል።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ስለሆንኩ መጀመሪያ የማየው መፈክር ነው። የእነዚህ ሰዎች መፈክር «ከመሬት በላይ የዋሉበት ቀን ሁሉ መልካም ቀን ነው» የሚል ነው። ማንም ሊገዛው የማይፈልገውን ነገር ለማስተዋወቅ ከዚህ የተሻለ አንድ ዓረፍተ ነገር እኔ በበኩሌ አላውቅም። ትንሿ ልጅ ትርጉሙ ሲገባት ሳቀች፤ የእኔም ትከሻ ዘና አለ።

ውስጡ ብዙ ነገር አለ። በጋና ሠዓሊና አናጺዎች በእንስሳትና በልዩ ልዩ ዕቃ ቅርጽ የተሠሩ የሬሳ ሣጥኖች፣ የሊቃነ ጳጳሳት ሥርዓተ ቀብር፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ስንብት። እኛ ግን በቀጥታ ወደ መኪኖቹ ሄድን። እዚያ ሲደርሱ ከፊትዎ የሚደረደረው የመቶ ዓመት ታሪክ ስለሆነ፣ ምን እንደሚያዩ አስቀድመው ካላወቁ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ረጅም መኪና ይመስልዎታል። አጎቴ ያሳዩኝን በቅደም ተከተል ልንገርዎት።

ከፈረስ ወደ ሞተር

እንግሊዝኛው ለአስከሬን መኪና የሚጠቀምበት «ሄርስ» የሚለው ቃል መነሻው ጥርስ ያለው የእርሻ መሣሪያ ነው፤ የታረሰ መሬት ላይ እየተጎተተ ጓል የሚከሰክሰው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በአስከሬን ዙሪያ ሻማ የሚሰካበት መቅረዝ ያንን የእርሻ መሣሪያ ስለሚመስል ስሙን ወረሰ፤ ስሙ ከመቅረዙ ወደ ሠረገላው፣ ከሠረገላው ወደ መኪናው ተሻገረ።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ አስከሬን የሚሄደው መስታወት በለበሰ የፈረስ ሠረገላ ነበር። መኪና መንገዱን ከሞላ በኋላም ቀብር አስፈጻሚዎቹ ለተወሰነ ጊዜ ፈረሳቸውን አልለቀቁም። ሞተር ይጮኻል፣ ይሰናከላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይፈጥናል፤ ሰውን ወደ መቃብር ማጣደፍ ነውር መስሎ ታያቸው። በ1909 በቺካጎ በሞተር መኪና አስከሬን ተሸኘ፤ በዚያው ዓመት የሲንሲናቲው ክሬን ኤንድ ብሪድ ኩባንያ የሞተር አስከሬን መኪና ለገበያ አቀረበ። የመቃብር ቦታዎች ከከተማው እየራቁ ሲሄዱ ክርክሩ ቀስ በቀስ አለቀ።

የእነዚያን የመጀመሪያ መኪኖች መለያ ለማወቅ ወደ ኋላቸው ይመልከቱ። ከጋቢናው በስተኋላ ያለው ክፍል አሁንም የፈረስ ሠረገላ ነው፤ ምሰሶው፣ ፋኖሱ፣ መስታወቱ ሁሉ አለ። ፈረሱ ብቻ ወጥቶ ሞተር የገባ ይመስላል።

ከሁሉ አስገራሚው በ1916 የተሠራው የፓካርድ የቀብር አውቶቡስ ነው። ሣጥኑንም፣ ተሸካሚዎቹንም፣ ሃያ ያህል ለቀስተኞችንም በአንድ ላይ እንዲይዝ ታስቦ ነው የተሠራው። አጎቴ ይህን ሲሰሙ፣ «ዕድሩም አስከሬኑም በአንድ መኪና!» ብለው ሳቁ። ሙዚየሙ እንደሚተርከው አውቶቡሱ የሳን ፍራንሲስኮን ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ተጭኖት ተነሣ፤ ለቀስተኛውም ሣጥኑም ተገለበጡ፤ ከዚያ በኋላ ለሥራ አልወጣም። በኛ አገር አስከሬኑ ፊት፣ ለቀስተኛው በተከራዩት አውቶቡሶች ከኋላ የሚሄድበት ሥርዓት ምን ያህል ብልህነት እንዳለው ያን ዕለት ገባኝ።

የእንጨት መጋረጃ

ቀጥሎ ረጅም ጊዜ የቆምንበት በ1921 የተሠራው የሮክ ፎልስ መኪና ነው። ሮክ ፎልስ በኢሊኖይ ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከሩቅ ሲያዩት በመኪናው ጎን ከባድ መጋረጃ የተንጠለጠለ ይመስልዎታል፤ እጥፋቱ፣ በገመድ ተጠልፎ ወደ ጎን መሰብሰቡ፣ ከታች ዘርፉ ሳይቀር ይታያል። ጠጋ ሲሉ ግን ጨርቅ የለም። በእጅ የተቀረጸ እንጨት ነው።

ይህ የእንጨት መጋረጃ የጥንታዊ አስከሬን መኪኖች ትልቁ መለያ ነው። በሞተሩ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ይሠራ ነበር፤ ጠፋና በ1930ዎቹ ማለቂያ እንደገና ፋሽን ሆነ። ስለዚህ ቅርጹን ብቻ አይተው ዘመኑን አይፍረዱ። ፓራፋንጎውንና ቸርኬውን ይመልከቱ። ፓራፋንጎው ቀጭንና ለብቻው የቆመ፣ ጎማው ደግሞ የእንጨት ራዲዮስ ያለው ከሆነ መኪናው የ1920ዎቹ አካባቢ ነው። ፓራፋንጎው አብጦ ወደ አካሉ ከገባ፣ የፊት መብራቱም ከተለጠፈበት ወርዶ ውስጥ ከተቀበረ፣ ወደ 1940ዎቹ ተጠግተዋል።

አጎቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው (መንካት አይፈቀድም) እጥፋቱን አንድ በአንድ አዩት። «ይኼ ሁሉ ለአንድ ሰዓት መንገድ!» አሉ። ልጅቷ፣ «አባባ፣ የሞተው ሰው እኮ አያየውም» አለቻቸው። «የሚያየው ቀባሪው ነው» ብለው መለሱላት።

ግማሽ ፋብሪካ፣ ግማሽ እጅ

ከዚህ በኋላ የሚያዩዋቸው መኪኖች ፊታቸው ላይ የካዲላክ ወይም የፓካርድ ምልክት አለባቸው። ነገር ግን መኪናውን ሙሉ በሙሉ የሠራው ካዲላክ አይደለም። የመኪና ፋብሪካው ሞተሩን፣ የፊቱን ክፍልና የተራዘመ፣ የጠነከረ ሻንሲ አድርጎ ይሸጣል፤ የቀረውን አካል የሚሠራው ሌላ ቤት ነው። ከ1876 ጀምሮ ሲንሲናቲ የነበረው ሴየርስ ኤንድ ስኮቪል፣ የፍሪፖርቱ ሄኒ፣ የሮክ ፎልሱ ዩሬካ፣ በኦሃዮ የነበሩት ሱፔሪየርና ሚለር ሜቲዮር በዚህ የታወቁ ነበሩ።

ስለዚህ ጥንታዊ አስከሬን መኪና ሲያዩ ሁለት ስም ይፈልጉ። አንደኛው ኮፈኑ ላይ ያለው የፋብሪካው ስም ነው። ሁለተኛው አካሉን የሠራው ቤት ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሩ ሲከፈት እግር የሚረግጥበት አካባቢ ወይም ከአካሉ ጎን ታች ላይ ተለጥፎ ይገኛል። የሰብሳቢዎቹ ክርክርና የዋጋው ልዩነት ያለው በሁለተኛው ስም ላይ ነው።

አጎቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። አዲስ አበባ ውስጥ የአይሱዙ ሻንሲ ተገዝቶ ላዩ ላይ የአውቶቡስ አካል ሲገነባ አይተው ከሆነ ሥራው ያው ነው። «ይኼ የእኛ ሥራ ነው እኮ!» አሉ። «ወንድምጋሼ ቢያየው ቀኑን ሙሉ ከዚህ አይወጣም ነበር።» ስለ አባቴ ያነሡት ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ኤስ ቅርጽ ያለው ብረት

ከ1930ዎቹ ማለቂያ ወዲህ ሌላ መልክ መጣ። ከኋላ ያለው የጎን መስታወት ይጠፋና በቦታው በቆዳ መሰል ነገር የተሸፈነ ድፍን ግድግዳ ይሆናል፤ ላዩ ላይ የተጋደመ ኤስ ፊደል የሚመስል የሚያብለጨልጭ ብረት ይለጠፋል። ይህ የላንዶ ብረት ይባላል። ጣሪያው የሚታጠፍ ላንዶ የሚባል የፈረስ ሠረገላ ነበር፤ ብረቱ በዚያን ጊዜ የጣሪያው መታጠፊያ ነበር። መኪናው ላይ ግን ምንም አያጥፍም፤ ጌጥ ብቻ ነው። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ መንገድ ላይ ይህን ብረት ካዩ የአስከሬን መኪና ነው ብለው ለመገመት አይቸገሩም።

የላንዶ ብረት ከሌለውና ዙሪያውን ሰፊ መስታወት ካለው፣ ውስጡም እውነተኛ የጨርቅ መጋረጃ ከሆነ፣ ሊሙዚን የሚባለው ዓይነት ነው። ከኋላ ክፍት የጭነት ቦታ ያለው፣ ከፊት ግን ሊሙዚን የሚመስል መኪና ካዩ ደግሞ የአበባ መኪና ነው፤ ጉንጉን አበባ ብቻ ተሸክሞ ከፊት የሚሄድ።

ሣጥኑ የሚገባበት በር

ጥሩ ተመልካች መስታወቱን ካየ በኋላ በሩን ያያል። በአብዛኞቹ መኪኖች ሣጥኑ የሚገባው ከኋላ ነው። በአንዳንዶቹ ግን ከጎንም እንዲገባ ተደርጓል፤ ሄኒ በሦስት አቅጣጫ ማለትም ከኋላ፣ ከቀኝና ከግራ በሚያስገባው መኪናው ይታወቅ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። መኪናው በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ሲቆም፣ ተሸካሚዎቹ ወደ ጭቃውና ወደ ተሽከርካሪው መሀል ሳይገቡ ከደረቁ ቦታ ሆነው ሣጥኑን ያስገባሉ። ይህን የሚያደርግ መኪና በሮቹ የሚከፈቱት ፊት ለፊት ተቃራኒ ሆነው ነው፤ መሀሉ ላይ ምሰሶ ስለሌለ ሰፊ ክፍት ቦታ ይፈጠራል።

ወለሉን በመስታወቱ አሻግረው ይመልከቱ። ሣጥኑ ሳይገፋ እንዲንሸራተት የሚያደርጉ ትንንሽ ሮለሮች፣ ሲቆም ደግሞ እንዳይነቃነቅ የሚይዙ የሚሰኩ ብረቶች ይታያሉ። ሮለሮቹ ተገልብጠው ወለሉ ጠፍጣፋ የሚሆን ከሆነና የሚታጠፍ ትንሽ ወንበር ካለ ግን ሌላ ታሪክ ያለው መኪና አግኝተዋል። እስከ 1970ዎቹ ድረስ በብዙ የአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች የአምቡላንስ አገልግሎት የሚሰጡት ቀብር አስፈጻሚዎች ነበሩ። ሰው አስተኝቶ መውሰድ የሚችል ረጅም መኪና የነበራቸው እነሱ ብቻ ናቸዋ! ጠዋት አስከሬን የሸኘው መኪና፣ ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ላይ መብራት ተደርጎለት ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታል ያደርሳል። በዚያ አሥር ዓመት የአምቡላንስ ደረጃዎች ሲወጡና መኪኖቹም እያነሱ ሲሄዱ ሁለቱ ሥራዎች ተለያዩ።

ልጅቷ እዚህ ላይ ነቃች። «እንደ ጎስትበስተርስ?» ልክ ናት። በ1984 ፊልም ላይ የምናውቃት ነጭና ቀይ መኪና አካሏ በሚለር ሜቲዮር የተሠራ የ1959 ካዲላክ ናት። የ1959ን ካዲላክ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ከኋላ እንደ ዓሣ ክንፍ ወደ ላይ የቆመው ላሜራ በየትኛውም ዓመት ያን ያህል ከፍ ብሎ አያውቅም።

ከእነዚህ መኪኖች አንዳንዶቹ ታሪክ የሚያውቃቸው ናቸው። ለፕሬዚዳንት ሬገንና ለፕሬዚዳንት ፎርድ ስንብት ያገለገለው መኪና እዚሁ ሙዚየም አለ። እዚያው ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ ላይ በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲገደሉ አስከሬናቸውን ከፓርክላንድ ሆስፒታል ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ያደረሰው የ1964 ሞዴል ካዲላክ ሲሆን አካሉ የሚለር ሜቲዮር ሥራ ነው፤ በ2012 በጨረታ በ160,000 ዶላር ተሸጧል። ከ1976 ጀምሮ እንዲህ ያሉ መኪኖችን የሚሰበስቡና የሚያድሱ ሰዎች የራሳቸው ማኅበር አላቸው።

የአጎቴ ጥያቄ

ዙሪያውን ጨርሰን ወደ እንጨት መጋረጃው መኪና ተመለስን። ልጅቷ ራቅ ብላ ፎቶ ታነሣለች። አጎቴ ወደ መኪናው እያዩ፣ «ወንድምጋሼን የወሰደው መኪና እንዴት ያለ ነበር?» አሉኝ።

አላውቀውም። ነጭ ነበር አልኳቸው። ምን ዓይነት? ሚኒባስ መሰለኝ አልኩ። አፈርኩ። ሥራዬ ዝግጅት ማሰናዳት ነው፤ የአባቴንም ቀብር እንደ ሥራዬ ነበር የያዝኩት። ድንኳን፣ አውቶቡስ፣ የአበባ ጉንጉን፣ የሚታተም ፎቶ ብዬ ዝርዝር አውጥቼ ነበር። «መኪና» ከሚለው ጎን «ተከፍሏል» ብዬ ምልክት ማድረጌን አስታውሳለሁ። መኪናውን ግን አላየሁትም። አንድ ሙሉ ቀን የሌሎች ሰዎችን የመጨረሻ መኪና መብራትና ቸርኬ ስንመረምር ውለን፣ የአባቴን መልስ መስጠት አልቻልኩም።

አጎቴ አልተቆጡም። እንደ ባለሙያ፣ «የኋላ በሩስ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

ያን ጊዜ መጣልኝ። በሩ አልዘጋ ብሎ ነበር። መኪናው እስከ ቤታችን ስለማይገባ የዕድራችን ሰዎች አባቴን ከግቢ እስከ አስፋልቱ በትከሻቸው ተሸክመው ወሰዱት። ሣጥኑ ገባ፣ ሾፌሩ በሩን ገፋው፤ ተመልሶ ተከፈተ። ደገመው፤ አልያዘም። ሦስተኛ ጊዜ ሲደበድበው ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ፤ እናቴ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔ በንዴት ነደድኩ፤ ከቀብር መልስ ለባለ መኪናው ደውዬ የተናገርኩትን ዛሬ ባስታውሰው ደስ አይለኝም። ያን ቀን ማንሣት የማልፈልገው ግማሹ በዚህ ምክንያት ነው።

ግን ከሾፌሩ ድብደባ በኋላ የሆነ ነገር ነበር። ከሕዝቡ መሀል አንድ ሽማግሌ ወጡ፤ ከአባቴ ጋር ጋራዥ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉና የበሩን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው ዳሰሱት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ከቁልፉ ዝቅ ብሎ በመዳፋቸው ሥር አንድ ጊዜ ብቻ መቱት። ከዚያ በሩን ገፋ አደረጉት፤ ያለ ድምፅ ተዘጋ። እጃቸውን ወዲያው አላነሡም፤ መኪናው እስኪንቀሳቀስ በሩ ላይ አቆዩት።

ይህን ለአጎቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «በየት እጁ መታው?» አሉ።

አሰብኩ። «በግራ።»

«ግራኙ!» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ፊታቸው ግን ሳቀ። «እኔና እሱ በአንድ ቀን ነው ሥራ የጀመርነው። ያችን ምት ያስተማረን ወንድምጋሼ ነው።»

ልጅቷ ሮጣ መጥታ አያቷን ስታይ ደነገጠች። አጎቴ እጇን ይዘው፣ «ነይ፣ ስለ ትልቁ አባትሽ ልንገርሽ» አሏት። ለቅሶ ቤት ገብታ የማታውቅ፣ ዕድር ምን እንደሆነ ያልሰማች ልጅ በሌሎች ሰዎች የሬሳ መኪና ፊት ቆማ የቤተሰቧን ቀብር ሰማች። ጥያቄዋ አያልቅም፤ ለምን በትከሻ? ጡሩንባውን ማን ነፋ? መንገዱ ምን ያህል ነበር? አጎቴ ያልተገኙበትን ቀን እኔን እየጠየቁ እሳቸው ይመልሱላታል። ማታ ቤት ስንደርስ ደግሞ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት፣ «እስቲ የበሩን ነገር ንገሪያቸው» አሉኝ። እንደገና ነገርኩ።

መሄድ ካሰቡ

ሂውስተን ያለ መኪና የማይሆን ከተማ ስለሆነ ወደ ሙዚየሙ የሚወስድዎ ዘመድ ይያዙ። የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት አስቀድመው ያጣሩ፤ ለመኪኖቹ ብቻ ሁለት ሰዓት ይመድቡ። ልጆች ይዘው መሄድ ይችላሉ፤ ነገር ግን የት እንደሚሄዱ ቤት ሳሉ ይንገሯቸው፤ ከመኪኖቹ ይጀምሩ። ስለ አስከሬን አጠባበቅ የሚያሳየውን ክፍል ትንንሾቹ ቢያልፉት ይሻላል። በቅርብ ሐዘን የደረሰበት ሰው አብሮዎት ካለ ፈቃዱን ሳይጠይቁ አይውሰዱት።

መሄድ የማይችሉ ከሆነ ደግሞ የቤተሰብዎን የድሮ አልበም አውጡ። ብዙዎቻችን ዘንድ የቀብር ፎቶ አለ፤ የምናየው ግን የሰዎቹን ፊት ብቻ ነው። መኪናውን፣ በሩን የያዘውን ሰው፣ ቃሬዛውን የተሸከሙትን እጆች ይመልከቱ። የሚያውቁትን አረጋዊ ይጠይቁና ከፎቶው ጀርባ ስማቸውን ይጻፉበት።

እኔ አዲስ አበባ እንደተመለስኩ የአጎቴን ሰላምታ ይዤ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። ስለ በሩ ሳነሣባቸው በመገረም አዩኝ። «ልክ አልነበረማ፤ ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ የሂውስተኑን የ1921 መኪና ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አቅርበው አዩት፤ አራቁት፤ እንደገና አቀረቡት። መጋረጃ ነው ብለው እንዲሳሳቱ ጠብቄ ነበር።

«ይኼንን ላሜራ አይሠራውም» አሉ። «እንጨት ነው። ጥሩ አናጺ ነበራቸው።»